ሬንጅ ሮቨሬ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ አገኘዋለሁ፤ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከሱሉልታ ነው። የ41 ዓመት ሰው፣ ባለትዳርና የ2 ልጆች አባት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሬንጅ ሮቨር ስመኝ ኖሬ ከ3 ዓመት በፊት አንድ የ2004 ሞዴል፣ 4.4 ቤንዚን ቪ8 አግኝቼ ገዛሁ። በጣም ነው የምወደው። አሁን ግን ጣጣው በዛብኝ። ማታ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፣ ጠዋት ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ሞተር አስነስቼ ትንሽ ስጠብቅ ይነሳል። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስወጣ ከከባድ መኪና ኋላ ከተያዝኩ ደግሞ ይሞቃል፤ ሁለት ጊዜ ፈልቶብኝ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። 3 መካኒክ ጋ ሄድኩ። አንዱ ኤሩን (መኪናውን የሚሸከሙትን የአየር ከረጢቶች) አውጥተን ሞላ እንግጠምለት አለኝ። ሌላው ተርሞስታቱን (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን) አውጥተህ ጣለው፣ አገራችን ሞቃት ነው አለኝ። ሦስተኛው ሞተሩን አውጥተን የቶዮታ ብንከትበት ትገላገላለህ አለኝ። ባለቤቴ ሽጠው ትላለች። እውነቱን ልናገርና የከፈልኩትን ግማሹን አታውቅም፤ ደረሰኞቹን ክሩስኮት ውስጥ ነው የምደብቃቸው። ለፋሲካ ልጆቹን ይዤ ደብረ ማርቆስ አባቴ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? በዚህ መኪና የዓባይን በረሃ ልውረድ?»

ወንድሜ፣ መኪናህ አልሞተም። የጻፍክልኝ ሁለቱ ችግሮች፣ ሌሊት መውረዱም ዳገት ላይ መፍላቱም፣ የዚህ ሞዴል የታወቁ በሽታዎች ናቸው። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። እንደዚህ ያለ መኪና የሚጨርሰው «ለጊዜው ይሂድ» ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ሦስቱ መካኒኮች የነገሩህ ሁሉ ደግሞ ከዚያው ወገን ነው። ስለዚህ ሽጠው ወይም ያዘው ከማለቴ በፊት መኪናው ላይ ምን እየሆነ እንዳለ እንነጋገር፤ ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይቀልሃል።

ከመፍላቱ እንጀምር። ኤሩ ቢበላሽ መኪናው ይተኛል፣ በቃ። ሞተሩ ደጋግሞ ከፈላ ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ይነዳል፣ ከዚያ በኋላ የምታወጣው ገንዘብ መኪናውን ከገዛህበት ጋር መወዳደር ይጀምራል። ያንተ ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሙቀት ሲበዛበት ይቅርታ አያውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። አንተ የምትኖረው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የእንጦጦ መሻገሪያው ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ክዳን የሌለው ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን 100 ነበር። ያንተ ሞተር ግን ሲሠራ እንዲሞቅ የታሰበው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? የውሃው ሲስተም ታፍኖ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ግፊት ያለበት ውሃ፣ ያውም ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) የተቀላቀለበት፣ የሚፈላው በጣም ዘግይቶ ነው። እንግዲህ አስበው፤ አንዲት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወይም የላላ ክዳን ግፊቱን ከለቀቀችው ያ ሞተር ወዲያው ከመፍያው በላይ ነው የሚሆነው። ዝቅ ባለው ናዝሬት ላይ ሳምንት የሚያስኬድህ ትንሽ ፍሳሽ እንጦጦ ላይ በአንድ ዳገት ያቆምሃል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ ኮፈኑን ክፈትና ያንን ነጣ ያለ የፕላስቲክ የውሃ መጠባበቂያ በደንብ እየው። ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች የተገጣጠሙበት መስመር አለ። በጣትህ ዳስሰው። ደረቅ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ነገር ካገኘህ ኩላንት እየላበ ወጥቶ የደረቀበት ነው። ክዳኑን አዙረህ ከታች ያለውን የጎማ ቀለበት ተመልከት፤ ጠፍጥፎ ከደነደነ ወይም ከተሰነጠቀ ክዳኑ ሥራውን ጨርሷል። ቀጥለህ ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱትን ቱቦዎች በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋቸው። ጫፋቸው ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች ፕላስቲክ ናቸው፣ 20 ዓመት ሙቀት ሲበላቸው ኖሯል፣ ብስኩት ሆነው ልታገኛቸው ትችላለህ። ሞተሩ ሞቆ እያለ ግን ክዳኑን በፍጹም እንዳትነካ! ፊቱን የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

ሙቀት መለኪያውንም እንዳታምነው። የዚህ መኪና መርፌ ሆን ተብሎ መሐል ላይ እንዲተኛ ነው የተሠራው። ሞተሩ ትንሽም ቢሞቅ ትንሽም ቢቀዘቅዝ መርፌው አይነቃነቅም። ተነሥቶ ወደ ቀይ መሄድ ሲጀምር ነገሩ ቀድሞ ተበላሽቷል። በስልክህ ትክክለኛውን ዲግሪ የምታይባት ትንሽ መመርመሪያ ገዝተህ መሪው ስር ካለው ሶኬት ላይ ሰካት። ውድ አይደለችም፣ ዳገቱን ስትወጣ ቁጥሩን እያየህ ትወጣለህ።

የምትቀይረው ነገር ይሄን ይመስላል። መጠባበቂያው ከነክዳኑ፣ ቱቦዎቹ፣ የውሃ ፖምፓው፣ ተርሞስታቱ፣ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ)። አንዱን ቀይረህ ሌላውን አትተው፤ ሁሉም እኩል ዕድሜ አላቸው፣ አዲሱ ግፊቱን በደንብ ሲይዝ ቀጣዩ ደካማ ይፈነዳል። የራዲያተሩ ማራገቢያም ይታይልህ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ስታጠፋው ማራገቢያው ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ በነፃ ከዞረ መያዣው ደክሟል ማለት ነው። ከሲኖትራክ ኋላ ስትንፏቀቅ ብቻ የሚሞቀው በዚህም ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ካልሮጠ ነፋስ የሚያመጣለት ያ ማራገቢያ ብቻ ነውና። ይሄ ሁሉ ተሠርቶም ከሞቀ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ ይወለቅና ይታይ። መጠባበቂያው ውስጥ አረፋ እየተንተከተከ ካየህ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለህ ደግሞ ጋርኒሲዮኑ ሄዷል፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ይለወጣል፣ ወደታች እመለስበታለሁ።

የቧንቧ ውሃ አትጨምርበት። እባክህ። አገራችን ውስጥ ስንት ጥሩ ሞተር ነው በጀሪካን ውሃ የተበላው! ውሃው ውስጥ ያለው ጨው ራዲያተሩን ይደፍናል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ፖምፓውንም ያደርቃል። የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ እንጂ አሲዱን አይደለም) እና ኩላንት እኩል በእኩል ቀላቅለህ ሙላ። መንገድ ላይ ቸግሮህ የወንዝ ውሃ ብትጨምር ግዴለም፣ እቤት ስትደርስ ግን አስወጥተህ አሳጥበው።

ተርሞስታቱን አውጥተህ ጣል ያለህ መካኒክ ምክሩ ከድሮ መኪና የመጣ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ሞቃት አይደለም፣ ብርድ ነው። ተርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት በቶሎ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን ይጨምርበታል። ድሮም በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎሜትር ከ20 ሊትር በላይ በቀላሉ የሚጠጣ መኪና ነው፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ያለህን ቀን ለምን ታበዛለህ? ፍሳሹ ደግሞ እንዳለ ይቆያል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ወደ ኤሩ እንምጣ።

መኪናህ በ4ቱም ጎማ ላይ በብረት ሞላ ፋንታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት አለው። ጎማው ሲያረጅ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ አየሩ ቀስ እያለ ይወጣል። አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገርህ። ቆሞ እያለ የመኪናው ኮምፒውተር አልፎ አልፎ ይነቃና ከፍታውን ይለካል። አንዱ ጥግ ወርዶ ካገኘው ሌሎቹንም አየር እየለቀቀ እኩል ያወርዳቸዋል፣ መኪናው ጎብጦ እንዳያድር። ስለዚህ ጠዋት 4ቱም ወርደው ስታይ 4ቱም የተበላሹ ይመስልሃል፣ መካኒኩም 4ቱም ይቀየር ይልሃል። የሚያፈሰው ግን አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የትኛው እንደሆነ ራስህ ታገኘዋለህ። ሞተሩን አስነሥተህ መኪናውን ወደ ላይኛው ከፍታ አውጣው፣ ከዚያ የዕቃ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ በመርጫ ወደ እያንዳንዱ ከረጢት እጥፋት ርጭ። መኪናው ድንገት ሊወርድ ስለሚችል እጅህንም ጭንቅላትህንም በጎማውና በመኪናው አካል መሐል እንዳትከት፤ ከሥር መግባት ካስፈለገ ያለ ጠንካራ መደገፊያ በፍጹም አትግባ። ከዚያ ታገስ። ትልቅ ቀዳዳ ቶሎ አረፋ ያስነሳል፤ ትንሹ ግን ደቃቅ አረፋ ቀስ እያለ እንደ ቡና አረፋ ይሰበስባል። ከረጢቶቹ ደህና ከሆኑ ቱቦው የሚገባባቸውን መገጣጠሚያዎችና አየር የሚያከፋፍለውን የቫልቭ ሳጥን እርጭ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ሲደርቁ ያፈስሳሉ፣ እነሱን መቀየር የእጅ ዋጋና የጥቂት ሳንቲም ጎማ ነው።

ለምን እቸኩላለሁ እንዳትለኝ፣ እንዲያውም ቸኩል። ፍሳሹ እንዳለ በነዳኸው ቁጥር ከረጢቶቹን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ሲሠራ ነው የሚውለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ከቆላው የበለጠ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ይግላል፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት ያልቃል። በርካሽ ከረጢት የተጀመረ ነገር በውድ ኮምፕሬሰር ያበቃል። ኮምፕሬሰሩን ቀይረህ ፍሳሹን ካልዘጋኸው ደግሞ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የኮምፕሬሰሩን ሪሌም (ኮረንቲውን የሚያበራና የሚያጠፋለትን) አብረህ ቀይር፤ ሪሌው ተጣብቆ ከቀረ ኮምፕሬሰሩ ሳያቆም ሠርቶ ይቃጠላል።

ሞላ እንግጠም ያለህን ሰው አልኮንነውም። ገጠር ውስጥ ርቆ የሚሠራ፣ መለዋወጫ የማያገኝ ሰው ቢያደርገው ይገባኛል። አንተ ግን አዲስ አበባ በርህ ላይ ነው። ኤሩ ሲወጣ መኪናው ከፍና ዝቅ ማለቱ ይቀራል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያው አይጠፋም፣ ያ ኮረብታ ላይ እንደ መርከብ የሚሄደው አካሄድ ይጠፋል። አንተ የወደድከው እኮ እሱን ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወጥተህ ወደ ቤትህ የሚወስደው ጭቃ ላይ ያ ከፍታ ያስፈልግሃል።

የቶዮታ ሞተር ነገር። አታድርገው። ያንተ መኪና ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኤሩ፣ ፍሬኑ፣ ዳሽቦርዱ ሁሉም በሽቦ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አንዱን ስታወጣ ሌሎቹ ግራ ይጋባሉ፣ ስህተት ይቆልሉብሃል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሠራም። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬህ ላይ ተጽፏል፤ ሕጋዊ ሂደቱን ሳትጨርስ ለቦሎ ምርመራ ብትሄድ ጣጣው ሌላ ነው። ልትሸጠው ብትልስ ማን ይገዛሃል?

እዚህ ጋ ጠቃሚ ነገር ላክልበት። ሬንጅ ሮቨር በ1970 ሲጀመር ሻንሲና ሞላ ያለው መኪና ነበር (የመኪናውን ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ በኢትዮጵያ ነው)። ያንተ ግን ሦስተኛው ትውልድ ነው፣ የተነደፈውም ቢኤምደብሊው ኩባንያውን በያዘበት ጊዜ ነው። ቢኤምደብሊው በ2000 ለፎርድ ሸጠው እንጂ መኪናው ውስጥ ያለው ሞተርና አብዛኛው ኤሌክትሪክ የራሱ የቢኤምደብሊው ነው። ያው 4.4 ቪ8 በቢኤምደብሊው ሞዴሎች ኤክስ5 ላይ አለ፣ 540 ላይ አለ፣ 740 ላይ አለ። ስለዚህ «ሬንጅ ሮቨር የሚሠራ» እያልክ አትዙር፤ ለሞተሩ ቢኤምደብሊው የሚሠራ ሰው ፈልግ፣ እንደ ልብ ታገኛለህ። ሲፈትሽልህ አየው። ኮምፒውተር ሳይሰካና ግፊት ሳይለካ «ይሄ ነው» ካለህ ቁልፍህን ተቀበለውና ሂድ። ርካሹ መመርመሪያ ደግሞ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያነበው፣ ኤሩን አያይም። ኤሩን የሚያነብ እንዳላቸው አስቀድመህ በስልክ ጠይቅ።

ያልጠየቅከኝን ደግሞ ልናገር። ከፊት ዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኘው ዘንግ ጥርሱ በእነዚህ ዓመታት ሞዴሎች ላይ እየተበላ መኪናውን መንገድ ላይ ያስቀራል። አምራቹ ራሱ ለዚህ መኪኖቹን ወደ ጋራዥ ጠርቶ ነበር። ከፊት በኩል ቋ የሚል ድምፅ ወይም ስትነሳ መንገጫገጭ ካለ ከመንገድህ በፊት ዘንጉ ይውረድና ጥርሱ ይታይ። ዘንጉ ከላላ የፊቱ ብቻ ሳይሆን መኪናው በጠቅላላ አይንቀሳቀስም። የካምቢዮ ዘይትም አለ። «ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው፣ አይነካም» ይሉሃል። ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎሜትር ባለው ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ነው የሚለው። ጠዋት ስታስነሳ ከሞተሩ ፊት በኩል ሰንሰለት የመንገጫገጭ ድምፅ ከሰማህም አትተኛበት፤ የሰንሰለቱ መሪ ፕላስቲክ እየተሰበረ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ውድ ሥራ ነው።

ሰኔ ሳይገባ ደግሞ የጣሪያውን መስታወት ክፈትና በ4ቱም ጥግ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አጽዳ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ይደፍናቸዋል፣ የሱሉልታ በረዶና ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፉ ስር ይተኛል፣ ሽቦውን ያበላሻል። ከዚያ ማስጠንቀቂያው እንደ ገና በዓል መብራት ይበራልሃል፤ ባለሙያም መነሻውን ፈልጎ ለማግኘት ቀናት ይፈጅበታል። ባትሪህም ጥሩ ይሁን፤ ደካማ ባትሪ ብቻውን የሌለ በሽታ ያስወራል። ጓሮህ ውስጥ እህል ወይም ሣር ካለ አይጥ ሽቦ ይበላል፣ መኪናውን ከዚያ አርቀህ አቁመው።

ስለ መለዋወጫ ዕቃ። ሶማሌ ተራ ሄደህ የበር እጀታ፣ መብራት፣ መስታወት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የወንበር ሞተር ያገለገለ ብትገዛ ምንም አይደል። ጎማና ፕላስቲክ የሆነ ነገር፣ ማለትም የአየር ከረጢት፣ ቱቦ፣ ፖምፓ፣ መጠባበቂያ፣ ያገለገለ በፍጹም አትግዛ። እሱም እንዳንተው 20 ዓመት አርጅቷል። አዲስ ስታዝዝ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ ቁጥርህን ስጥ እንጂ «የ2004 ሬንጅ ሮቨር» ብቻ አትበል፤ በ2005 አካባቢ ሞተሩ ወደ ጃጓር ስለተለወጠ የማይገጥም ዕቃ ይመጣልሃል። ዱባይ ወይም ሻርጃ ዘመድ ካለህ ትንንሹን ዕቃ በሻንጣ ማስመጣት ትችላለህ። ብሩ በ2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሄደ ራስህ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ከመበላሸቱ በፊት ቀስ እያልክ መደርደሪያህ ላይ አስቀምጥ። አንድ የውሃ መጠባበቂያ፣ አንድ ቺንጋ፣ አንድ የአየር ከረጢት እቤት ካለህ በእኩለ ሌሊት ለደላላ አትደውልም።

አሁን ወደ ባለቤትህ። ይሄን ስጽፍልህ በቁም ነገር ነው። ክሩስኮት ውስጥ ያሉት ደረሰኞች ከራዲያተሩ የበለጠ ያሳስቡኛል። እሷ ሽጠው የምትለው መኪናውን ጠልታ ላይሆን ይችላል። ልጆቿን ይዛ መንገድ ዳር በእንፋሎት መሐል ቆማ ታውቃለች፤ የቤቱ ገንዘብ የት እንደሚሄድ አታውቅም፣ ስትጠይቅህም ሙሉውን አትነግራትም። የትኛዋም ሴት ብትሆን ሽጠው ነው የምትል። ደረሰኞቹን አውጣ፣ ደብተር ላይ በቀን በቀን ጻፋቸው፣ ደምራቸው፣ ከዚያ አብራችሁ ተቀመጡና አሳያት። ትቆጣለች። መብቷ ነው፣ ዝም ብለህ ስማት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዓመት ወጪ አብራችሁ ወስኑ፤ በወር ይሄን ያህል ለመኪናው ይቀመጣል፣ ካለቀ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ብር አይነካም። ደብተሩ እሷም በምታየው ቦታ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ መኪና በድብቅ አይያዝም፤ ቤተሰቡ ከተስማማ ብቻ ነው የሚያስደስተው።

ልሽጠው ላልከው መልሴ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያልኩህን ምርመራ አድርገህ ቴስታታው ደህና ከሆነ፣ ካምቢዮው ሳይነክስ የሚቀይር ከሆነ፣ ከሥር አካሉ ዝገት ካልበላው ያዘው። ዝገቱን በደንብ አሳይ፤ ያንተ ሞዴል የተለየ ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው ተሸካሚው። አዲስ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ብትሸጠው የምትተካው ወይ በኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ወይ እዚሁ በሰው እጅ ባለፈ ሌላ አሮጌ መኪና። የሌላ ሰው አሮጌ ደግሞ በሽታውን ገና ልትማረው ነው፤ የዚህኛውን ግን አውቀኸዋል። ነገር ግን ጋርኒሲዮኑ ሄዶ፣ ካምቢዮውም እየተንሸራተተ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ሽጠው። ያለውን ሁሉ ለገዢው ነግረህ ሽጠው። ለመለዋወጫ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

እቤት ያለው መኪና እሱ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ማድረሻና ሥራ መሄጃ ብቸኛው መኪና እንደዚህ ያለ መሆን የለበትም። ሲበላሽ ትቸኩላለህ፣ ስትቸኩል ያገኘኸውን ዕቃ ታስገጥማለህ፣ «ለጊዜው ይሂድ» የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ለዕለት ተዕለቱ ታክሲም ሆነ ትንሽ ሌላ መኪና ሁለተኛ አማራጭ ይኑርህ፣ ሬንጅ ሮቨሩ ተረጋግቶ ይጠገን።

ፋሲካና የዓባይ በረሃ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ሽቅብ፣ ታችኛው ሙቀት ደግሞ ከሱሉልታ ጋር አይገናኝም። የውሃው ሲስተም በሙሉ ካልተሠራ አትውረድ። ከተሠራ በኋላም መጀመሪያ ብቻህን ወይም ከጓደኛህ ጋር እስከ ፍቼ ሂድና ተመለስ፣ ዲግሪውን ቁጥር በቁጥር እያየህ። የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ከመንገዱ በፊት አሳይ፤ አሮጌ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚይዝ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ቁልቁለቱን ካምቢዮውን በእጅ 2ኛ ወይም 3ኛ ላይ አድርገህ በሞተር ያዘው፣ ፍሬኑን ደጋግመህ ረግጠህ አታቃጥለው። ሽቅቡን አትቸኩል። ቪ8 ነው ብለህ አትመካ፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርህ ከ4 አንድ እጅ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ዲግሪው መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ካልወረደ ጥግ ያዝና ሞተሩን አጥፍተህ ጠብቅ፣ ክዳኑን ግን አትንካ። ከኋላ 10 ሊትር የተቀላቀለ ኩላንት፣ አንድ ትርፍ ቺንጋ፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ ሪሌ፣ የእጅ ባትሪ ያዝ።

እስከ ሆሳዕና ድረስ ሥራው ካላለቀ ልጆቹን በአውቶቡስ ይዘሃቸው ሂድ፤ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ይቆይ። አባትህ ጋ በዳግማ ትንሣኤም መሄድ ይቻላል።